ሠላሳ አንዱ ስንጥርና የሲድኒ ባለአክሲዮኖች

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ኑምዲ፣ ሚሲዮኖቹ በግምት በሰጡት የትውልድ ዓመት ሲሰላ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ጠዋት ከሲድኒ በአውሮፕላን የመጣ ካርቶን በኩምቡል የሻይ ፋብሪካ ቢሮ ተከፈተ፤ ከውስጡም ወረቀቱ የሚያንጸባርቅ፣ በፎቶግራፍ የተሞላ ጥራዝ ወጣ። የድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት ነበር። ኑምዲ አንዱን ቅጂ ወስዶ ከሻይ ማድረቂያው በስተጀርባ፣ ጆንያ ተከምሮ በሚውልበት ጥላ ሥር ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ።

ንባብ ጊዜ ይወስድበታል። ፊደል የቆጠረው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያ መጽሐፉም በሻይ ጆንያዎች ላይ የታተመው የድርጅቱ ስምና የክብደት ቁጥር ነበር። ከዚያ የሚሲዮኑን መዝሙር፣ ከዚያም የእቃ መጠቅለያ የሆነ አሮጌ ጋዜጣ እያለ፣ ማንም ሳያስተምረው በእንግሊዝኛ እስከ ማዝገም ደርሷል። ጣቱን ከቃሉ በታች አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ማንበብ አላስፈለገውም። የእህቱ ልጅ ጎይምባ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ እጁን በትምህርት ቤቱ አዲስ የውኃ ታንከር ላይ አሳርፎ ይስቃል። ከሥሩ «የማኅበረሰብ ጉዳዮች ኃላፊያችን አቶ ጎይምባ ኬዋ ለሕዝባቸው ውኃ ሲሰጡ» ተብሎ ተጽፏል።

ኑምዲ «ሲሰጡ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበበው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሸለቆ የድርጅቱ ስጦታ ያልፍ የነበረው በኑምዲ እጅ ነበር። ሻዩን የተከለው ሽማግሌው ማክሬ፣ ሰው ሲሞት፣ ወሰን ሲያጣላ፣ የድርጅቱ መኪና የሰው አጥር ሲያፈርስ ኑምዲን ያስጠራውና «አስተካክለው» ይለዋል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ኑምዲም አሳማዎቹን ያስነዳል፤ በመስጫው ሜዳ በተተከሉት ካስማዎች ላይ በተርታ ያስራቸዋል፤ ላባውን ሰክቶ፣ ፊቱን ተቀብቶ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ይናገርና ይሰጣል። ገንዘቡ የማክሬ ነበር፤ ቃሉና እጁ ግን የእርሱ። በአገሩ ልማድ ስጦታ የሚቆጠረው ቆሞ ተናግሮ ለሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ ስምንት አሳማ በሰጠ ቁጥር አንድ የቀርከሃ ስንጥር ቆርጦ፣ ኦማክ በሚባለው፣ ከአንገት በሚንጠለጠለው የስንጥሮች መሰላል ላይ ያስር ነበር። በዚያ ዓመት ኦማኩ ሠላሳ አንድ ስንጥር ደርሶ ከእምብርቱ በታች ይወርድ ነበር። በበዓል ቀን ሲያልፍ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደረቱን ነው፤ ፊቱን ኋላ ነው።

ማክሬ አረጀና ወደ አገሩ ሄደ። ድርጅቱም አክሲዮኑን በሲድኒ ገበያ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የሻዩ ባለቤቶች፣ ቅጠሉ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሸት የማያውቁ ብዙ ሺህ ሰዎች ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ሩቅ ስለሆኑ ይጠይቃሉ። መድኃኒት የሚረጩት ሠራተኞች ጓንት አላቸው ወይ? ለሕፃናቱ ምን ተደረገ? ስንት ተማሪ? ስንት ሊትር? መልሱን አሳምሮ የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈለግ፣ ከዋና ከተማው ከሞርስቢ ተምሮ የተመለሰው ጎይምባ ተገኘ። ጎይምባን ሕፃን ሳለ በየማለዳው በጫንቃው ተሸክሞ ወንዙን እያሻገረ ለትምህርት ያበቃው ደግሞ ኑምዲ ራሱ ነበር።

በኑምዲ ሆድ የገባው ነገር ቅናት እንደነበረ መሸሸግ አይገባም። እርሱ ግን በስሙ አልጠራውም፤ ያደረ ሥጋ የበላ ነው የመሰለው። የልጁ ጫማ ሲንቋቋ ይሰማዋል። ቅጠል ለቃሚዎቹ ሴቶች ከሩቅ ለጎይምባ እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ለእርሱ ስንት ጊዜ እንዳወዛወዙ ለማስታወስ ይሞክራል።

በማግስቱ ወደ ጎይምባ ቢሮ ገባ።

«አጎቴ! ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ። ሪፖርቱን አዩት?»

«አየሁት። ጥርስህ ያምራል።»

ጎይምባ ሳቀ። «ፎቶ አንሺው ነው ሳቅ ሳቅ ያለኝ፤ ጉንጬን አሞኛል።»

«ከሚምካ ሰው ልከውብኛል» አለ ኑምዲ። ሚምካዎች ከፋብሪካው በታች፣ በወንዙ ዳር የሚኖሩ ጎሳ ናቸው። «ሽማግሌው ኮንት ሞቷል። ለቅሶው ቅዳሜ ነው። አራት አሳማ እፈልጋለሁ። መኪናም።»

ጎይምባ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አልችልም፣ አጎቴ።»

«አልችልም ማለት?»

«የለቅሶ አሳማ የሚገባበት ቦታ የለም። ሲድኒዎቹ ገና ዓመቱ ሳይጀመር ዕቅዱን ያያሉ። ትምህርት አለ፣ ውኃ አለ፣ ጤና አለ። ለቅሶ የሚል የለም።»

«ሲድኒ ሰው አይሞትም?»

«ይሞታል፤ አሳማ አይታረድለትም እንጂ።»

«ታዲያ በምን ያለቅሳሉ?»

«በአበባ መሰለኝ።»

«ለኮንት ልጆች አበባ ታቅፌ ልሂድላቸው? በድንጋይ ነው የሚሸኙኝ።»

ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጎይምባ ግን ቀጠለ። «መስከረም ላይ ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። የጡረተኞችን ገንዘብ ከሚያስተዳድር ድርጅት ናቸው፤ የእኛን አክሲዮን በብዛት ገዝተዋል። አዲሱን የጤና ጣቢያ ይመርቃሉ።»

«መልካም። ንግግሬን ከአሁኑ አሰናዳለሁ።»

ጎይምባ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ንግግሩን የማደርገው እኔ ነኝ፣ አጎቴ። ተጽፎ፣ ተልኮ፣ ጸድቋል። እርስዎ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ላባዎን ሰክተው፣ ኦማክዎን አድርገው። ፎቶ ላይ ያምራል።»

ኑምዲ ተነሥቶ ወጣ። ያችን የመጨረሻ ቃል እስከ ቤቱ ድረስ ተሸክሟት ሄደ።

ቅዳሜ ከራሱ በረት አንድ አሳማ ፈትቶ ሲያወጣ ሚስቱ ያራ በሩ ላይ ቆመችበት።

«የት ልትወስዳት ነው?»

«ለኮንት ለቅሶ።»

«ለድርጅቱ ለቅሶ የእኔን አሳማ? ስኳር ድንች እያኘክሁ ያሳደግኋት እኮ ናት! እኅትህ ብትሆን እንዲህ አትጎትታትም።»

«ባዶ እጄን ልሂድ?»

«ሂድ። ወይ ጎይምባን ላከው፤ ፈገግ ብሎ ይመለሳል።»

ቀልዷ ነበር፤ እርሱን ግን ወጋው። አሳማዋን እየነዳ ወረደ።

በሚምካ የኮንት ሚስት ሜላ ፊቷን በጭቃ ተቀብታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አሳማዋን አየች፤ ከኋላዋ ሌላ እንዳለ ለማየት አንገቷን ሰገግ አደረገች፤ ከዚያ ኑምዲን አየችው።

«ኑምዲ፣ አንድ?»

«ከራሴ በረት ነው፣ ሜላ።»

«ኮንት ቢሰማ ከመቃብሩ ተነሥቶ ይስቅብህ ነበር። ውኃው ሲገማ እንኳ ስምንት ታመጣልን አልነበር? አሁን ሰው ሲሞት አንድ?»

ዙሪያውን የተቀመጡት ሴቶች በለቅሶ መካከል ሳቅ አመለጣቸው። ኑምዲ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ጆሮው ውስጥ የቀረው ግን ሳቃቸው አልነበረም። «ውኃው ሲገማ» ያለችው ነው።

ከፋብሪካው ጀርባ የመርጫ በርሜሎች የሚታጠቡበት ግቢ አለ። ከዚያ ግቢ በሸምበቆ የተሸፈነ አሮጌ ቱቦ ይወጣል፤ አረም የሚገድለውን መድኃኒት እጣቢ ይዞ ወደ ወንዙ ይገባል። የሚምካ አሳማዎች ከዚያ ውኃ ጠጥተው የሞቱበት ጊዜ ነበር፤ የልጆቻቸው ቆዳ የተላጠበት ጊዜም ነበር። አራት ጊዜ አቤት ብለው መጡ፤ አራት ጊዜ ማክሬ «አስተካክለው» አለ፤ አራት ጊዜ ኑምዲ ስምንት ስምንት አሳማ በሜዳው ላይ አስሮ፣ ተናግሮ ሰጠ። ሚምካዎች ተቀበሉ። ስጦታ ከተቀበሉ ደግሞ ጠቡ ያበቃል፤ ልማዱ እንዲህ ነው። በኑምዲ ልብ ነገሩ ያኔ ተዘግቷል፤ ከሠላሳ አንዱ ስንጥሮችም እነዚህ አራቱ የሚያኮሩትን ያህል ሌላ የሚያኮራው አልነበረም።

ጎይምባ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሞርስቢ ነበር፤ ቱቦውን አያውቀውም። ኑምዲ ቤቱ እንደገባ ሪፖርቱን ከቅርጫቱ አውጥቶ የሚቀጥለውን ገጽ፣ አሥራ አምስተኛውን፣ በጣቱ ተከተለ። «ከፋብሪካችን የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ወንዝ አይገባም» ይላል።

ደስ አለው። ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጠየቀ።

«ምን አገኘህ?» አለች ያራ።

ነገራት። እንግዶቹ በመጡ ቀን፣ በሕዝብ ሁሉ ፊት፣ ቱቦውን እንደሚያሳያቸው ነገራት። «ያን ጊዜ ጥርሱን ይሰበስባል።»

ያራ የምትሠራውን መረብ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «ያ ቱቦ ሲገለጥ የሚሸተው እሱን ብቻ ነው?»

«እኔ ሰጥቼበታለሁ። የእኔ ተዘግቷል።»

«የእህትህ ልጅ ነው፣ ኑምዲ።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

መስከረም ደረሰ። እንግዶቹ ወይዘሮ ሃርግሬቭ የሚባሉ አጭር ሴትና ካሜራ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሴትዮዋ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ ቦት ጫማ አድርገው፣ ትንሽ ማስታወሻ ይዘው መጡ። ሜዳው በሰው ሞላ፤ ሚምካዎችም ከወንዙ ማዶ ተሻግረው መጥተው ነበር። ጎይምባ የጸደቀውን ንግግር አነበበ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ሰው አጨበጨበ። ካሜራ ያንጠለጠለው ሰው ከፊት ወንበር ወደ ተቀመጠው ኑምዲ ቀርቦ ላባውንና ኦማኩን ሁለት ጊዜ አነሣ።

በዚህ ጊዜ ኑምዲ ብድግ አለ።

ማንም አልጠራውም፤ ሠላሳ አንድ ስንጥር ያንጠለጠለን ሰው ተቀመጥ የሚል ግን በዚያ ሸለቆ አልነበረም። ወደ መካከል ገባ፤ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ በታላላቆች ልማድ ወዲያና ወዲህ መንጎራደድ ጀመረ። 

«የሩቅ ባለቤቶች ሆይ!» አለ። «ይህ ልጅ በታንከር የተቀመጠ ውኃ አሳይቷችኋል። እኔ ደግሞ በመሬት ላይ የሚሄደውን አሳያችኋለሁ። ተከተሉኝ።»

ጎይምባ ተረጎመ። ምን እንደሚመጣ አላወቀም ነበር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግን ቶሎ ብሎ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ምሳም ቀርቧል፣ አለ።

«ይህን ጫማ ለምን ያደረግሁት ይመስልሃል?» አሉ ወይዘሮ ሃርግሬቭ፤ ተከተሉም።

ከፋብሪካው ጀርባ ኑምዲ ሸምበቆውን በመጥረቢያው ገለጠው። ቱቦው ታየ፤ ወተት የመሰለ ውኃ እያንጠባጠበ ነበር፤ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። የጎይምባ ፊት አመድ መሰለ። ኑምዲ ያን ፊት ሲያይ ለሁለት ወር የተጫነው ነገር ከደረቱ ሲወርድ ተሰማው። እዚያው ላይ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሕዝቡ የሚያስታውሰው የጎይምባን ፊት ብቻ በሆነ ነበር።

ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ይህን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል ይላሉ» አለ ጎይምባ።

ኑምዲ ኦማኩን በሁለት እጁ ከደረቱ ላይ አነሣ።

«ይህቺ» አለ አንዷን ስንጥር ይዞ፣ «አሳማዎቻቸው የሞቱ ጊዜ። ስምንት ሰጠሁ። ይህቺ፣ በዓመቱ እንደገና ሲሞቱ። ስምንት። ይህቺ፣ የልጆቻቸው ቆዳ የተላጠ ጊዜ። ይህቺም ያልዳኑት ልጆች እናቶች ወደ በሩ መጥተው የጮኹ ጊዜ። ይህ ልጅ አንድ ታንከር ሰጠና ፎቶው ሲድኒ ደረሰ። እኔ ለዚህች ለአንዲት ቱቦ ሠላሳ ሁለት አሳማ ሰጥቻለሁ! የእኔን ማን አነሣው? በላቸው! ይጻፉት!»

ጎይምባ ወደ እርሱ ጠጋ አለ። «አጎቴ፣ ይህን አልተርጉመው።»

«ለምን? ቀናህ?»

«በእነሱ ጆሮ ሌላ ነው። ስጦታ አይመስላቸውም፤ ሰው ዝም ለማሰኘት የተደረገ ነው የሚመስላቸው። ይተዉት። ቱቦውን አሳይተዋል፤ ይበቃል። የተዋረድሁት እኔ ልሁን።»

ኑምዲ የሰማው «ይተዉት» የሚለውን ብቻ ነው። ደግሞ ስሙን ሊያስቀርበት ነው። «ተርጉም» አለው። «አንድ ቃል ብትቀንስ ለእናትህ እነግራታለሁ።»

ጎይምባ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመ። ወይዘሮ ሃርግሬቭ መጻፋቸውን አቆሙ። ቀና ብለው ስንጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ኑምዲ ደረቱን ነፋ፤ በሕይወቱ ኦማኩን እንዲህ አተኩሮ ያየለት ሰው አልነበረም። ከዚያ ሴትዮዋ በለሆሳስ አንድ ነገር ጠየቁ።

«የሞቱት ልጆች ስንት ነበሩ ይላሉ» አለ ጎይምባ።

ኑምዲ አሳማዎቹን እያንዳንዳቸውን በመልካቸው ያውቃቸዋል፤ ጆሮዋ የተቆረጠውን፣ ጀርባው ጥቁር የነበረውን። ስንጥሮቹን በጣቱ ዳበሰ። በቀርከሃው ላይ ልጆች አልነበሩም። ቆጥሯቸው አያውቅም።

መልሱ ከኋላው መጣ። የኮንት ሚስት ሜላ ከሚምካዎች መካከል ወጥታ አሥሩን ጣቶቿን ዘረጋች፤ ከዚያ አጥፋቸው አንድ ብቻ አወጣች። ያን ጊዜ ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት በአሳማ ያልተዘጋው ቱቦ ከሲድኒ በመጣ አንድ ደብዳቤ በስድስት ሳምንት ተደፈነ። ሥራ አስኪያጁ ከቦታው ተነሣ፤ ለእጣቢው በድንጋይ የተገነባ ኩሬ ተቆፈረ፤ ለሚምካ ንጹሕ ውኃ ተሳበላቸው፤ ልጆቻቸውን በየሦስት ወሩ ሐኪም ያያቸው ጀመር። ጎይምባ ከሥራ እወጣለሁ ብሎ ጽፎ ነበር፤ ቃል ሳይቀንስ ስለተረጎመ ይቆይ ተባለ። ኑምዲ በምስጋናና በአንድ የግድግዳ ሰዓት ጡረታ ወጣ። ለለቅሶ የሚሆን አሳማና መኪና ግን እስከ ዛሬ የሚያስገባው ዕቅድ አልተገኘም፤ ሚምካዎች ይህን እያነሱ ያማርራሉ።

ኑምዲ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሆኖ ኩሬው ሲቆፈር ያይ ነበር። የቀሩት ልጆች መዳናቸው አስደሰተው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኩሬው በተመረቀ ቀን ሚምካዎች እጅ የነሱት ለጎይምባ ነበር። ቱቦውን ያሳየሁ እኔ አይደለሁም ወይ? ይላል ለራሱ። ወዲያው ደግሞ የሜላ ጣቶች ይመጡበታል። አንድ ጠዋት ኦማኩን አውርዶ አራቱን ስንጥሮች ፈታቸው። ሊያቃጥላቸው አልቻለም፤ በጣሪያው ሣር ውስጥ ሸጎጣቸው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ጎይምባ አዲሱን ሪፖርት ይዞ ራሱ መጣ። አጎትና የእህት ልጅ ከመስከረም ወዲህ በወግ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ያራ ትኩስ ስኳር ድንች አቀረበች።

«ገጽ አሥራ ስድስት ነው» አለ ጎይምባ።

ኑምዲ ጥራዙን ተቀበለ እንጂ አልገለጠውም።

ጎይምባ የድንቹን ልጣጭ እየላጠ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅ ሆኜ» አለ፣ «በጫንቃዎ ሲያሻግሩኝ ያ ቀርከሃ ጉልበቴን ይመታኝ ነበር። እየቆጠርሁ ነበር የምሻገረው። አንድ ቀን ከእርስዎ አንዲት የምትበልጥ እንዲኖረኝ ነበር ምኞቴ። አንዲት ብቻ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ፎቶ አለኝ። ሚስቴ እንኳ አታየውም።»

ያራ ሳቀች፤ ኑምዲ ግን አልሳቀም። ልጁ ከሄደ በኋላ ገጹን ገለጠ። የኩሬው ፎቶግራፍ ነበር፤ ሰው አልነበረበትም። ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጎ ጀመረ። ጸሐይዋ ከደጃፉ እስክትሸሽ አነበበ። በመጨረሻ ጣቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆመ። «አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በሰጡት ጥቆማ» ይላል። ስም አልነበረም።

ያራ ማንበብ አትችልም። መጥታ በትከሻው በኩል አየች። «ስምህ አለ?»

«አለ።»

«የቱ ጋ?»

ጣቱን አላነሣም። «ይኸው።»

ያራ ጎንበስ ብላ መረመረችው። ከበሩ መቃን ላይ ባሏ በከሰል የጻፈውን ስሙን ለዓመታት አይታዋለች። «በራችን ላይ ያለው አጭር ነው» አለች። «ይህ ረጅም ነው።»

«ሲድኒ ሲጻፍ ይረዝማል» አለ ኑምዲ።

ያራ ፊቱን አየችው። ጣቱን ከቦታው ሳታነሣ፣ መዳፏን በእጁ ላይ አሳረፈችበት።

ይህን በሜዳው ከነበሩት አንዱ ሆኜ ካየሁትና ኋላ ከያራና ከጎይምባ ከሰማሁት አሰባስቤ ጻፍሁት። ከሚምካ ሰዎች አንዳንዶቹ ልጆቹ አሥራ አንድ ሳይሆኑ አሥራ ሦስት ነበሩ ይላሉ። የረሳሁትን ወይም ያዛባሁትን የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር ያርመኝ፤ በአሳማዎቹ ቁጥር ብሳሳት ግድ የለም፤ በልጆቹ ቁጥር ግን እባካችሁ አትለፉኝ።